ፈሪሳዊው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን ራሳቸውን አጽድቀው ሌላውን ለሚንቁ የተናገረው ምሳሌ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 9 እስከ 14 ይገኛል። ፈሪሳዊና ቀራጭ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ወጡ።

አስቀድመን ልናስተውል የሚገባን፣ ፈሪሳዊው ያልሠራውን ሠራሁ እንዳላለ ነው። የሙሴ ሕግ ለሕዝቡ ሁሉ የወሰነው ጾም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማስተስረያ ቀን ሲሆን እርሱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ካገኘውም ሁሉ ዐሥራት ያወጣ ነበር። እኛም ረቡዕንና ዓርብን እንጾማለን። ስለዚህ ጥፋቱ ከጾሙ አይደለም። ጥፋቱ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ዓይኑን ወደ ቀራጩ ማዞሩ ነው። ጸሎቱ በምስጋና ተጀምሮ ወንድሙን ወደ መክሰስ፣ ቀጥሎም ራሱን ወደ ማወደስ ዞረ፤ ምሕረትን አልለመነምና ባዶውን ተመለሰ። ለሮማ መንግሥት ግብር በመሰብሰቡ የሚጠላው ቀራጭ ግን ደረቱን እየደቃ ምሕረትን ብቻ ለመነ፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን ስናነብ ሁላችንም ከቀራጩ ጋር እንቆማለን። «እንደዚያ ፈሪሳዊ ስላልሆንን ተመስገን» ካልን ግን የእርሱን ጸሎት ደገምን። ፈሪሳዊነት በሌላው ላይ የምንለጥፈው ስም አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሑድ በስሙ የምትጠራለት ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነበር፤ መምህር ሳለ ግን ሊማር በሌሊት ወደ ጌታ መጣ። ቅዱስ ጳውሎስም ፈሪሳዊ ነበር፤ ነገር ግን ይመካበት የነበረውን ሁሉ ስለ ክርስቶስ ናቀው።

በስደት ይህ ፈተና ይበረታብናል። ቤተ ክርስቲያን እምነታችንም አገራችንም ሆናለችና ሥርዓቷን እንጠብቅ ስንል ጠባቂነታችን ወደ ፈራጅነት ይለወጣል። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ የሚገባውን ወንድም ዞረን እናየዋለን፤ ያለ ነጠላ የመጣችውን እህት፣ አማርኛ የማይሰማውን ልጅ በዓይናችን እንዳኛለን። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ በዚያች ሰዓት የእኛ ጸሎት ተቋርጧል። የታዩትም ዓይናችንን አይተው ሊቀሩ ይችላሉ። ሥርዓት ያስተማርን መስሎን ከደጅ መለስናቸው።

ሥርዓት ይቅር አንልም፤ ሥርዓት በፍቅር ይማሯል እንላለን። በቅዳሴ «እግዚኦ» ስንል የምንጸልየው የቀራጩን ጸሎት ነው። እንግዲህ በመጪው እሑድ ዘግይቶ የሚገባ ብናይ ዓይናችንን ወደ መቅደሱ መልሰን ለእርሱም ለራሳችንም ምሕረትን እንለምን፤ ከቅዳሴ በኋላም ቀርበን «እንኳን መጣህ» እንበለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።