ሰው አገር መልመድ፤ የጓንዡ ከተማ ኑሮ እንደ ምሳሌ

በየዓመቱ ከመካከላችን ጥቂቶች የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቻይና አገር ይሄዳሉ። የመሰናዶው ጊዜ ሲደርስ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎውና ካፖርቱ እንዳይረሳ ዘመድ ሁሉ ይመክራል። ኑሮውን እንዴት እንደሚለምዱት ግን የሚነግራቸው አይገኝም። ቢጠይቁም መልሱ «ቻል ማድረግ ነው» የሚል ብቻ ነው። አባቶቻችንም ከአገሩ የወጣን ሰው፣ የፈለጉትን በሚጭኑት አህያ መስለው ተርተውበታል። ይህ አነጋገር ትዕግሥትን ያስተምራል። ነገር ግን መቻልና መልመድ አንድ አይደሉም። መቻል ሸክሙን ተሸክሞ መቆም ሲሆን፣ መልመድ ግን ሸክሙን የሚያቀል ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ ሊጠና ይገባዋል።

በጉዳዩ ላይ የቆየ ጥናት አለ። ስቬሬ ሊስጎርድ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ፣ ለትምህርትና ለምርምር አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ ያገሩን ሰዎች ጠይቆ ውጤቱን በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከስድስት ወር በታች የቆዩትና ከዓመት ተኩል በላይ የቆዩት ደኅና ለምደው ሲገኙ፣ በመካከሉ ያሉት፣ ማለት ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት፣ ከሁሉ ይልቅ ተቸግረው ነበር። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው የባህል ተመራማሪም ይህንኑ ችግር «የባህል ድንጋጤ» ብሎ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። ከእነርሱ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ እንደማያልፍ አሳይተዋል። ቢሆንም ትምህርቱ ይጠቅማል፤ ይኸውም በመጀመሪያው ወር ሁሉ ነገር ቢያስደስተን «ለመድን» ብለን እንዳንኩራራ፣ በስምንተኛው ወር ሁሉ ነገር ቢያስጠላንም «ተሸነፍን» ብለን ተስፋ እንዳንቆርጥ ነው።

ለምሳሌ ጓንዡን እንውሰድ። በደቡብ ቻይና በዕንቁ ወንዝ ዳር ያለች፣ አውሮፓውያን ካንቶን ይሏት የነበረች የንግድ ከተማ ናት። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸደይና በመጸው ታላቅ የንግድ ትርዒት ይደረግባታል። ሺያዎቤይና ሳንዩዋንሊ የሚባሉት ሰፈሮች ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች በሚመጡ ነጋዴዎች የታወቁ ናቸው። አገሩ ሞቃትና እርጥበታም ስለሆነ፣ ዘመድ የመከረው ወፍራም ካፖርት የሚያስፈልግበት ቀን ጥቂት ነው። እዚያ ለሚኖር እንግዳ ግን ከካፖርት ይልቅ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ወረቀት። በ2013 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የመግቢያና የመውጫ ሕግ፣ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ አገር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገብ ያዛል። ለረጅም ትምህርት የገባ ተማሪም በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ቤት የለወጠ ሰው እንደገና ይመዘገባል። ስማችንም መጠንቀቅን ይጠይቃል። እኛ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም እናስከትላለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቻይናውያን ግን የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ። ስለዚህ በባንክም በትምህርት ቤትም፣ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ብቻ ይጻፍ። ያለዚያ አንዱ ሰው በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የሚነገረው ማንዳሪን አራት ዐይነት የድምፅ አካሄድ አለው። «ማ» የሚለው ቃል ድምፁ ከፍ ብሎ ሲረጋ እናት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቃጫ የሚገኝበት ተክል፣ ወርዶ ሲነሣ ፈረስ፣ ሲወድቅ ደግሞ መሳደብ ማለት ነው። ይህ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አማርኛ የሚናገር ሰው ሊገባው ይገባል። እኛስ «ገና» ብለን ጽፈን፣ ስናጠብቀው በዓሉ፣ ስናላላው «ገና አልመጣም» የምንለው አይደለምን? «አለ»ስ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት አይደለምን? በፊደላችን ላይ የማይታየውን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ፣ ይህንንም ቢሠራበት ይለምደዋል።

ቁጥርም ያሳስታል። ቻይናውያን ዐሥር ሺሕን «ዋን» ብለው በዚያ ስለሚቆጥሩ፣ መቶ ሺሕን «ዐሥር ዋን» ይሉታል። በገበያም ዋጋ የሚነገረው በ«ጂን» ነው፤ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። ይህን ያላወቀ በአንድ ኪሎ የተነገረው መስሎት ኋላ ተታለልሁ ብሎ ይጣላል። ሹፌሩንና ጥገና ሠራተኛውን «ሺፉ» ብሎ መጥራት፣ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ያለ ማክበር ነው፤ ፊትን ሁሉ ያበራል።

ሦስተኛ፣ ማዕድ። ወጡ በመካከል ቀርቦ ሁሉም ከዚያው ይበላል። ባለቤቱም ጥሩ ጥሩውን አንሥቶ በእንግዳው ሳህን ላይ ያኖራል። ይህ ከጉርሻ በምን ይለያል? የመብያውን እንጨት ሩዝ ላይ አቁሞ መተው ግን ለሙታን የሚጤሰውን ዕጣን ስለሚያስታውስ ነውር ነው። የሚጾም ሰው «ሱ» የሚለውን ቃል ይወቅ፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው። ሆኖም አትክልቱ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ይገባል። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች «ቺንግዠን» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ምግብ ቤት ይፈልጉ።

አራተኛ፣ ጎረቤት። ይህ ከሁሉ የሚረሳው ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ በቻይና የተዘጉ ስለሆኑ፣ ከመሄዳችን በፊት ዊቻትን ለቤተሰብ ማስለመድ ያስፈልጋል። ሰዓቱም በ5 ሰዓት ይለያያል፤ በጓንዡ እኩለ ቀን ሲሆን በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ከአገር ቤት ጋር ሲያወራ አድሮ ቀኑን የሚያንቀላፋ ተማሪ፣ በሁለቱም አገር የለም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከአገሩ ተማሪ ጋር መብላት፣ የበር ጠባቂውን ስም ማወቅ፣ ከአንድ ሱቅ ደንበኛ መሆን፣ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ያስተምራል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር መደበቅ አይገባም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በአፕሪል ወር፣ በጓንዡ የሚኖሩ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረሩ። ወረቀታቸው የተሟላ፣ ኪራያቸውን የከፈሉ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ሳይቀሩ በመንገድ ላይ ያደሩ ነበሩ። በቤጂንግ የነበሩ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፉ፤ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሃማትም የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ቅሬታቸውን ነገሩ። በተከተለው ወር የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አድልዎን የሚከለክል መመሪያ አወጣ። በዚያ ሰሞን ለተባረሩት ምግብ ያደረሱ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እንግዳው የሚችለውን ሁሉ ቢማር እንኳ መልመድ በእርሱ ብቻ አይፈጸምም። ግማሹ ሥራ የባለአገሩ ነው። ስለዚህ የሚሄዱት ወንድሞችና እኅቶች የራሳቸውን ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ ይሰናዱ፤ ወረቀታቸውን፣ ጆሮአቸውን፣ ማዕዳቸውንና ጎረቤታቸውን ያስቡ። መከራ ቢመጣም ሁሉን በራሳቸው ጥፋት እንዳይቆጥሩት፤ ለኤምባሲና ለማኅበር ማሳወቅ አያሳፍርም።

እኛ የምንቀረውስ? በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከጎረቤት አገሮች መጥተው የሚማሩ፣ ከእነርሱም መካከል በስደት የመጡ ተማሪዎች አሉ። በምግብ አዳራሹ ለብቻቸው ተቀምጠው ሲበሉ ስንት ጊዜ አይተን አልፈናል? የአንዱን እንኳ ስም እናውቃለንን? ጓንዡ ለሚሄደው ጓደኛችን የምንመኝለትን ጎረቤት፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ሆነን መገኘት እንችላለን። ነገ በምሳ ሰዓት ሳህናችንን ይዘን ወደዚያ ጠረጴዛ እንሂድ።