ፋይሉ የለም ማለት ዜሮ ማለት አይደለም



ባለፈው ረመዳን የኢፍጣር ምዝገባውን የምንደምረው በፓይተን በጻፍነው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። የየብሎኩ ተጠሪ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል ይልካል፤ ፕሮግራሙ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ስንት ቴምርና ሳምቡሳ እንደሚያስፈልግ ያሰላል። አንድ ቀን የመግሪብ አዛን ሲል የአንድ ብሎክ እህቶቻችን ድርሻ አልነበረም። ፋይላቸው ሳይደርሰን ቀርቶ ፕሮግራሙ ዜሮ ደምሮ አልፎት ኖሯል።

ፓይተን በራሱ እንዲህ አያደርግም። ለንባብ ክፈት የተባለው ፋይል ከሌለ «ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ያንን ጽሑፍ ላለማየት በ«ትራይ» እና «ኤክሴፕት» አፍነን «ከሌለ ዜሮ ቁጠር» ያልነው እኛው ነን። ዜሮ ግን መልስ ነው፤ ከዚያ ብሎክ ማንም አልተመዘገበም ማለት ነው። ፋይሉ ከሌለ ገና አላወቅንም።

አሁን ፕሮግራሙ ከመደመሩ በፊት የብሎኮቹን ዝርዝር ይዞ የእያንዳንዱን ፋይል መኖር በፓዝሊብ «ኢዝ ፋይል» ይጠይቃል። «ኤግዚስትስ» ለፎልደርም «አለ» ስለሚል ተውነው። አንድም ቢጎድል የጎደሉትን ሁሉ በስም ጽፎ ይቆማል፤ ድምር አያወጣም። ዝርዝሩ ለብቻው መጻፍ አለበት። ፎልደሩ ውስጥ የተገኘውን ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም የቀረውን በምን ያውቃል?

«የለም» ሲባልም ቶሎ አንመን። ኪታብ የቀራን ሰዎች የተየሙምን ምዕራፍ እናስታውሳለን፤ በአቅራቢያው ውሃ መኖሩን የሚጠራጠር ሰው ሳይፈልግ ወደ አፈሩ አይሄድም። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አለ፤ ፕሮግራሙን ያስነሳነው ግን ከሌላ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ቅጥያውን ስለሚደብቅም «ብሎክ 7 ነጥብ ሲኤስቪ» የመሰለን ፋይል መጨረሻው «ነጥብ ቲኤክስቲ» ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህ የስህተት መልእክቱ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይጻፍ።

«አለ» መባሉም ዋስትና አይደለም። የትናንቱ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ማስገባት የጀመርነው ለዚህ ነው። ካረጋገጥን በኋላ ከመክፈታችን በፊት ፍላሹን የሚነቅል ወንድምም አይጠፋም። ስለዚህ «ትራይ» እና «ኤክሴፕት»ን አላጠፋናቸውም፤ ውስጡ የነበረውን ዜሮ አውጥተን የብሎኩን ስም ጽፎ እንዲቆም አደረግነው። ኮዱን የሚፈልግ ከዐስር ሶላት በኋላ ፍላሽ ይዞ ይምጣ።