ምዕራፍ 9፦ ኦፕ-አምፕን በአንድ ባትሪ ማሠራት

ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር፣ በባለሙያዎች አጠራር ኦፕ-አምፕ፣ በሁለት መግቢያዎቹ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት እጅግ አጉልቶ የሚያወጣ አይሲ ነው። ጥንት የተፈጠረው መደመርንና መቀነስን የመሳሰሉ ስሌቶችን በኤሌክትሪክ ለመሥራት ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርም በቮልቴጅ መገለጽ ስለነበረበት አንዱ ከዜሮ በላይ፣ ሌላው ከዜሮ በታች የሆነ ሁለት ኃይል ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ የዋለው 741 እንኳ በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው +15 እና −15 ቮልት ተሰጥቶት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው መሸንቲ ባለ ከተማ፣ መብራት ካለ ሁለቱን ኃይል ማግኘት አይከብድም። ባለ220 ቮልቱ መስመር ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚያመጣ መሃል መውጫ ያለው ትራንስፎርመር፣ ጥቂት ዳዮዶችና ካፓሲተሮች ይበቃሉ። መብራት ሲጠፋ ግን፣ ወይም መስመሩ ባልደረሰበት የገጠር ቤት፣ በእጅ ያለው አንድ ባለ12 ቮልት የሶላር ወይም የባጃጅ ባትሪ ነው። ኦፕ-አምፑ በዚህም ይሠራል፤ ዜሮ የት እንደሚሆን የሚወስነው ሠሪው እንጂ አይሲው አይደለምና።

ዜሮ የሚባል እግር የለም

በሰፊው የሚሠራበት ኤልኤም358 ስምንት እግሮች አሉት። 8ኛው የፖዘቲቭ፣ 4ኛው የኔጌቲቭ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ በውስጡ ላሉት ሁለት ኦፕ-አምፖች መግቢያና መውጫ ናቸው። ለዜሮ የተመደበ እግር የለም። +6 እና −6 ቮልት ቢሰጠውም፣ 12 ቮልትና ግራውንድ ቢሰጠውም ለአይሲው አንድ ነው፤ የሚያገኘው በ8ኛውና በ4ኛው እግር መካከል ያለውን 12 ቮልት ነው።

የሚለወጠው የሲግናሉ ቦታ ነው። የማይክሮፎን ድምፅ ከዜሮ ከፍም ዝቅም እያለ ይወዛወዛል። እንዲሁ ቢገባ ከፍ ያለው ግማሽ ይጎላል፤ ዝቅ ያለው ይቆረጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ጣና ዳር ጭቃ ላይ የተቀመጠች ታንኳ ሞገድ ሲመጣ ከፍ ልትል ትችላለች፤ ዝቅ ልትል ግን አትችልም። ከሞገዱ ጋር እንድትወጣና እንድትወርድ ከሥሯ በቂ ውኃ ያስፈልጋታል። ለሲግናሉ ይህን ጥልቀት የሚሰጠው የባትሪው ግማሽ፣ 6 ቮልት ነው።

መሃሉን መፍጠር

እኩል የሆኑ ሁለት ባለ100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በባትሪው ፖዘቲቭና በግራውንድ መካከል ተከታትለው ሲታሰሩ መገናኛቸው ላይ 6 ቮልት ይገኛል። ከመገናኛው ወደ ግራውንድ ባለ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይታሰራል። ይህ ካፓሲተር ሊዘለል አይገባም። የሶላር መቆጣጠሪያው ባትሪው ላይ 100 ሚሊቮልት ያህል ንዝረት ቢፈጥር ግማሹ፣ 50 ሚሊቮልቱ፣ ወደ መግቢያው ይደርሳል፤ 101 ጊዜ የሚያጎላ ኦፕ-አምፕ ደግሞ 5 ቮልት የሚያህል ጩኸት ያደርገዋል።

ከመሃሉ ነጥብ ወደ ፖዘቲቭ መግቢያው ሌላ ባለ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ይሄዳል፤ ሲግናሉም በባለ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል እዚያው ይገባል። ካፓሲተሩ ውዝዋዜውን ያሳልፋል፣ ቋሚውን 6 ቮልት ግን ወደ ማይክሮፎኑ አያሳልፍም።

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ቀጥሎ ያለው ነው። የማጉላቱ መጠን የሚወሰነው ከመውጫው ወደ ኔጌቲቭ መግቢያ በሚመለሰው ባለ100 ኪሎኦምና ከዚያ ወደ ግራውንድ በሚወርደው ባለ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው። ባለ1 ኪሎኦሙ በቀጥታ ግራውንድ ላይ ከታሰረ ቋሚው 6 ቮልትም 101 ጊዜ ይጎላል። 606 ቮልት ከ12 ቮልት ባትሪ ስለማይገኝ መውጫው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መፍትሔው በባለ1 ኪሎኦሙና በግራውንድ መካከል ባለ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ነው። ያኔ ቋሚው 6 ቮልት ሳይጎላ ይወጣል፤ ከ16 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ብቻ ይጎላል። መውጫውም 6 ቮልት ላይ ስለሚያርፍ ወደ ቀጣዩ መሣሪያ የሚተላለፈው በካፓሲተር ነው።

መሃል የማያስፈልግበት ጊዜ

የሚለካው ነገር ከዜሮ በታች የማይወርድ ከሆነ ግማሽ ቮልቴጅ አያስፈልግም። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት መለኪያ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ በአካባቢው ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እግሮቹ ውኃ እንዳይነካቸው በቀጭን ቱቦ ታሽጎ የሚፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ኤልኤም35 ስለዚህ 940 ሚሊቮልት ያህል ያወጣል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ ኤልኤም358 ደግሞ 9.4 ቮልት ያደርገዋል።

ኤልኤም358 ለዚህ የሚመረጠው መግቢያው ግራውንድን ስለሚቀበል፣ መውጫውም ወደ ግራውንድ በጣም ስለሚጠጋ ነው። 741 ግን በሁለቱም ጫፍ 2 ቮልት ያህል ስለሚቀርበት ትንንሽ ንባቦችን ያጠፋል። ኤልኤም358ም ከላይ በኩል 1.5 ቮልት ያህል ይቀርበታል፤ በ12 ቮልት ባትሪ 10.5 ቮልት ድረስ ይደርሳል። ይኸው ሰርኪዩት በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ቢሠራ መውጫው 3.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ ውኃው እየፈላም ንባቡ ከ35 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም።

የባትሪው ግማሽ ለመለኪያ መነሻነት አይሆንም። ባትሪው ሲሞላ 14.4 ቮልት፣ ሲደክም ደግሞ ከ12 ቮልት በታች ስለሚሆን ግማሹም አብሮ ይዋዥቃል። ለመለኪያ ግራውንድ ወይም እንደ ቲኤል431 ያለ ቋሚ 2.5 ቮልት የሚሰጥ አይሲ ይሻላል።

ከመሥራቱ በፊት

በ8ኛውና በ4ኛው እግር መካከል፣ ከአይሲው ሳይርቅ፣ ባለ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይታሰራል። ባትሪው ተገልብጦ ቢገባ አይሲው እንዳይቃጠል በፖዘቲቩ መስመር ላይ ዳዮድ ይገባል፤ የሚቀንሰው 0.7 ቮልት ያህል ነው።

ማይክሮፎኑ ከመያያዙ በፊት የማጉያው ሦስት ነጥቦች በመልቲሜትር ይለካሉ፤ ጥቁሩ ገመድ 4ኛው እግር ላይ ይሆናል። 8ኛው እግር ዳዮዱ ከቀነሰው በኋላ የቀረውን የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የሬዚስተሮቹ መገናኛ ግማሹን፣ መውጫውም ያንኑ ግማሽ ማሳየት አለባቸው። መገናኛው ትክክል ሆኖ መውጫው ጣሪያው ላይ ከተጣበቀ መጀመሪያ የሚፈተሸው ከባለ1 ኪሎኦሙ በታች ያለው ካፓሲተር ነው። ሦስቱም ትክክል ከሆኑ ማይክሮፎኑ ሊያያዝ ይችላል።