በበጋም በክረምትም የሚያገለግል የአውቶሞቢል ጎማ በመጠነኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

በአገር አስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ባለ መሬቶች አውቶሞቢል ሲገዙ ስለ ሞተሩ ኀይልና ስለ መቀመጫው ምቾት አጥብቀው ይጠይቃሉ። ስለ ጎማው የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ብቻ ነው፤ የሾፌሩም ቃል በግዢ ክፍል ዘንድ ከዋጋው ቃል በታች ይሰማል። ነገር ግን አውቶሞቢል ምድርን የሚነካው በአራት ስፍራ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ስፍራ ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ፍሬኑ ቢያዝ፥ መሪው ቢታዘዝ፥ ሾፌሩም ዐዋቂ ቢሆን፥ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚሰጠው በእነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬ የሚታደለው፥ የከብት ሐኪምም ወደ ገጠር የሚወጣው ዝናብ በሚበረታበት ወራት ስለ ሆነ፥ የመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል እጅግ የሚደክመው መንገዱ እጅግ በሚያዳልጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የጎማ ምርጫ ለገንዘብ ያዥ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

«ለወቅቱ ሁሉ የሚሆን ጎማ» የሚባለው ነገር የተፈጠረው መንገድን የሚሸፍን በረዶ በሚወርድበት አገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ሁለት ዓይነት ጎማ ይይዙ ነበር፤ አንዱ ለሙቀት ወራት፥ ሁለተኛው ለበረዶ ወራት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ጉድዪር የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ቲየምፖ የሚባል ጎማ አውጥቶ የሁለቱን ሥራ በአንድ ጎማ ለማሠራት ሞከረ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ተከተሉት። ለሙቀት ወራት ብቻ የተሠራ ጎማ አየሩ ወደ 7 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ እየደረቀ መንገድን የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። የበረዶ ጎማ ደግሞ በሙቀት ጊዜ እየላላ ፈጥኖ ያልቃል። ለወቅቱ ሁሉ የተባለው ጎማ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ በሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ይጎድለዋል። ይህን ሻጭ አይናገረውም።

በኢትዮጵያ ግን ወቅት የሚከፈለው በወራት ብቻ ሳይሆን በደጋና በቆላም ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚሄድ አውቶሞቢል፥ በኅዳር ማለዳ ውርጭ ከመታው ሜዳ ይነሣል፤ በጣርማ በር በጉም ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ በአንድ ቀን ውስጥ የቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። እንግዲህ በዚህ አገር ለወቅቱ ሁሉ የሚሆን ጎማ ማለት፥ በቀዝቃዛና በረጠበ አስፋልት ላይ ፈጥኖ የሚቆም፥ በረዥም ቁልቁለት ላይ ሙቀትን የሚችል፥ የድንጋይን ምት የሚታገሥ ጎማ ማለት ነው። በረዶ የሚረገጥበት ጥርስ ግን እዚህ ሥራ የለውም። በጎማው ጎን ላይ የሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ኮከብ ሥዕል ቢገኝ፥ ይህ ከ1999 ጀምሮ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ የሚሰጥ ምልክት ነው፤ በሸዋ ወይም በጎጃም መንገድ ለሚሄድ ሰው ስለዚህ ምልክት ብሎ ዋጋ መጨመር አያስፈልገውም።

ኤምና ኤስ የተባሉት ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ትርጓሜያቸው ጭቃና በረዶ ስለ ሆነ፥ ጎማው በጭቃ የሚሄድ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የጥርሱን ቅርጽ ብቻ የሚገልጽ፥ ፋብሪካው ራሱ የሚጽፈው እንጂ በፈተና የሚገኝ አይደለም። መረሬ መሬት በሰኔና በሐምሌ ሲርስ የማንኛውንም የቤት አውቶሞቢል ጎማ ጥርስ በጥቂት እርምጃ ይደፍነዋል። እንደዚህ ላለው መንገድ አራቱም እግር የሚጎትት፥ ጥልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ የተገጠመለት መኪና ያስፈልጋል፤ እርሱ ከሌለ በቅሎ ትሻላለች።

የጎማው ጎን እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው። ለምሳሌ 205/55 አር 16 91 ቪ ተብሎ ቢጻፍ፥ 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ አር የውስጥ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የተዘረጉ መሆናቸውን፥ 16 የቸርኬውን ቁመት (ዲያሜትር) በኢንች ያመለክታል። 91 የሸክም ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 94 ቢሆን 670 ኪሎ ይሆናል። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ልክ ነው፤ ቲ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር፥ ኤች 210፥ ቪ 240፥ ደብልዩ 270 ናቸው። ባለ ከፍተኛ ችሎታ እየተባሉ የሚሸጡት ጎማዎች ብዙዎቹ ቪ እና ከዚያ በላይ ናቸው። በጠመዝማዛ የደጋ መንገድ በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ሾፌር ቢኖር ከሥራ መሻር ይገባዋል፤ ሆኖም ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ሙቀትን የሚችልና በመታጠፊያ ላይ የማይወላገድ ሆኖ ስለሚሠራ፥ ፊደሉ ለማይሮጥም ሰው ጥቅም አለው። ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት ኤች ይበቃል። አውቶሞቢሉን የሠራው ፋብሪካ ካዘዘው በታች ግን መውረድ አይገባም።

የሸክሙ ቁጥር አሁን ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካዘዘ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል፤ እነዚህም ከባትሪያቸው የተነሣ እኩያቸው ከሆነው የቤንዚን አውቶሞቢል ይከብዳሉ። ልኩ ከቸርኬው ጋር ገጠመ ተብሎ የሸክም ቁጥሩ ያነሰ ርካሽ ጎማ ማግባት፥ ጎማው በሙቀት እንዲፈነዳ መፍቀድ ነው።

ስለ ልክ ሲነገር አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። 195/65 አር 15፥ 205/55 አር 16፥ 225/45 አር 17 የተባሉት ሦስት ልኮች ሲገጠሙ የጠቅላላ ቁመታቸው ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አንዱ ዓይነት አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ በሦስቱም ልክ ይሸጣል፤ ሻጩም ባለ 17 ኢንች ቸርኬውን ያማረ ነው ብሎ በበለጠ ዋጋ ያቀርበዋል። ልዩነቱ በጎኑ ነው። የመጀመሪያው ከቸርኬው እስከ መንገዱ 127 ሚሊ ሜትር ያህል ላስቲክና ነፋስ አለው፤ ሁለተኛው 113፥ ሦስተኛው 101 ብቻ። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ሦስተኛው በመታጠፊያ ይጠነክራል። በኮረኮንች ላይ ግን ጉድጓድ ሲገባ ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ጨፍልቆ የጎኑን ክር ይበጥሰዋል፤ በጎን የተበጠሰ ጎማም ጎሚስታ ዘንድ ተጠግኖ የሚታመን አይደለም። የወረዳ አውቶሞቢል ሲታዘዝ በትንሹ ቸርኬና በወፍራሙ ጎማ እንዲመጣ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ እንዲያውም በየጊዜው የሚገዛው ጎማ ዋጋ ይቀንሳል።

አሁን ጎማን ከጎማ ወደ ማወዳደር ይመጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆም ችሎታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ ጎማ በወረቀት ላይ ማዕረግ ይለጠፍበታል፤ ከ2021 ጀምሮ ማዕረጉ ከኤ እስከ ኢ አምስት ደረጃ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ፥ ማዕረጉ በአንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ለመቆም ከ3 እስከ 6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስድስት ሜትር ከአንድ የቤት አውቶሞቢል ርዝመት ይበልጣል። በገበያ ቀን ሰውና አህያ መንገዱን ሞልተው ሲመለሱ፥ በዚህ ርቀት ውስጥ ማን እንደሚቆም ማሰብ ለገዢው ይተዋል። ይህን ማዕረግ ኤፕሬል በሚባለው፥ ለሁሉ በተከፈተው የኅብረቱ መዝገብ በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል፤ የግዢ ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጽመው ሥራ ነው።

በአሜሪካ ሥርዓት የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢል ጎማዎች ደግሞ በጎናቸው ላይ ሦስት ነገር ይቀረጽባቸዋል፤ የማለቅ ቁጥር፥ የመያዝ ማዕረግ፥ የሙቀት ማዕረግ። የመያዝ ማዕረጉ ከሁሉ የበላይ የሆነው ድርብ ኤ፥ ከዚያ ኤ፥ ቢ፥ ሲ ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ መቆምን ብቻ እንጂ መታጠፍን አይለካም። የማለቅ ቁጥር የሚገኘው አውቶሞቢሎች በቴክሳስ መንገድ ላይ 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ነው፤ የተፈተነው ጎማ 100 ከተባለው መለኪያ ጎማ ጋር ይወዳደራል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚወስነው ፋብሪካው ራሱ ስለ ሆነ፥ የአንዱን ፋብሪካ 500 ከሌላው ፋብሪካ 500 ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም። በኮረኮንች ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ይህ ቁጥር አይናገርም። ለፒክአፕና ለቀላል ጭነት መኪና በተለየ የተሠራ ጎማ ላይ ከነአካቴው አይገኝም።

ለምሳሌ በአሜሪካ ገበያ ባለ ከፍተኛ ችሎታ ሆነው ለወቅቱ ሁሉ ከሚሸጡት መካከል ሁለቱን ማየት ይበቃል። የኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲ ደብልዩ ኤስ 06 ፕላስ የማለቅ ቁጥሩ 560 ሲሆን ፋብሪካው ለ80,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስ ይሆነዋል። የሚሼሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ቁጥሩ 540፥ ዋስትናው 72,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ከፍ ይላል። በኮንቲኔንታሉ ጥርስ ላይ የተቀረጹት ሦስት ፊደላት ለደረቅ፥ ለእርጥብና ለበረዶ ናቸው፤ ጎማው ሲያልቅ አስቀድሞ የበረዶው ፊደል ይጠፋል፥ ቀጥሎ የእርጥቡ። ይህ ማንበብ ለማይችል ሾፌር እንኳ የሚገባ መልካም ብልሃት ነው። የፋብሪካው ዋስትና በዚያ አገር ለሚገዛ ሰው የተሰጠ ስለ ሆነ፥ እዚህ አገር ሻጭ በቃሉ ቢጠቅሰው እንደ ዋስትና አይቈጠርም።

መጠነኛ ዋጋ የሚፈልግ ገዢ የታላላቆቹን ፋብሪካዎች ሁለተኛ ስሞች ቢያውቅ ይጠቀማል። ጄኔራል ከ1987 ጀምሮ የኮንቲኔንታል ነው፤ ፋየርስቶን ከ1988 ጀምሮ የብሪጅስቶን፥ ቢ ኤፍ ጉድሪች ከ1990 ጀምሮ የሚሼሊን፥ ኩፐር ከ2021 ጀምሮ የጉድዪር ሆነዋል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከታላቁ ስም በርካሽ ይሸጣሉ። ከኮሪያና ከቻይና የሚመጡትም መካከል መልካሞች አሉ፤ ነገር ግን ስሙ ሳይሆን በእርጥብ የመቆም ማዕረጉ ይጠየቅ።

ከዚህ በኋላ ዋጋ ይታሰባል፤ የሚታሰበውም በጎማ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ጎማ 12,000 ብር ተገዝቶ 30,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ሌላው 16,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ቢሄድ፥ ፊተኛው በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም፥ ኋለኛው 32 ሳንቲም ያስወጣል። አውቶሞቢሉ 150,000 ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ድረስ ፊተኛው አምስት ጊዜ አራት አራት ተደርጎ 240,000 ብር፥ ኋለኛው ሦስት ጊዜ ተገዝቶ 192,000 ብር ይፈጃል። በጨረታ ላይ ግን ያሸነፈው ባለ 12,000ው ይሆናል። ሆኖም ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ጎማ ሁሉ መልካም አይደለም፤ ላስቲኩን አጠንክሮ ዕድሜውን ማስረዘም ቀላል ነው፥ ያን ጊዜ በእርጥብ ላይ ይንሸራተታል። ሚሼሊን በ1992 ሲሊካ የተባለውን ነጭ ዱቄት በካርቦኑ ጥላሸት ምትክ ከላስቲኩ ጋር የቀላቀለበት ጎማ ካወጣ ወዲህ ሁለቱን ማስታረቅ ተችሏል። ስለዚህ አስቀድሞ በእርጥብ የመቆም ማዕረጉ ያነሰው ሁሉ ይወገድ፤ የኪሎ ሜትር ሒሳብ በቀሩት መካከል ይደረግ።

የጎማ ዕድሜም ከዋጋው ጋር ይቈጠራል። በጎኑ ላይ ካሉት ፊደላት መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2323 ቢሆን በ2023 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በሱቅ ደጃፍ ፀሓይ ሲመታው የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ሲሆን ላስቲኩ አርጅቷል። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች አምስት ዓመት ያገለገለ ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፥ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ግን ባያልቅም እንዲወገድ ይመክራሉ። አዲስ የቤት አውቶሞቢል ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው፤ የአውሮፓ ሕግ እስከ 1.6 ድረስ ይፈቅዳል፤ ከ3 በታች ሲሆን ግን በውሃ ላይ የመንሳፈፍ አደጋ እጅግ ይጨምራልና ክረምት ከመግባቱ በፊት መለወጥ ይሻላል።

ገንዘብ አንሶ ሁለት ጎማ ብቻ ቢገዛ፥ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ። ብዙ ሾፌር መሪው ያለበትን የፊቱን ያስቀድማል፤ ነገር ግን የፊቱ ሲያዳልጥ ሾፌሩ ያውቀዋል፥ ፍጥነት ቀንሶም ይመልሰዋል፤ የኋላው ሲያዳልጥ አውቶሞቢሉ ይዞራል። ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነው፤ ልኩም በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። በቆላ ሙቀት ያበጠውን ጎማ ማስተንፈስ ክፉ ልማድ ነው፥ ማታ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናልና፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ በማግስቱ እየተጣጠፈ ይግላል፥ ክሩም ይላቀቃል።

የወረዳው መሥሪያ ቤት ከማናቸውም የፈረንጅ ፈተና የሚበልጥ ማስረጃ በራሱ ሊያከማች ይችላል። በአንድ መዝገብ የጎማው ስምና ልክ፥ አራቱ የዕድሜ ቁጥሮች፥ የተገዛበት ዋጋ፥ ሲገጠም የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያሳየው፥ ሲወልቅም ያሳየው፥ የወለቀበትም ምክንያት፥ አልቆ ወይም ተበጥሶ እንደ ሆነ ይጻፍ። ስኮርታውም ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በዚያ ወረዳ መንገድ ላይ የትኛው ጎማ በኪሎ ሜትር ስንት ሳንቲም እንደ ፈጀ ከመዝገቡ ይነበባል፤ የሚቀጥለው ዓመት የጨረታ ማስታወቂያም ከዚያው ላይ ይጻፋል።