በሎጋሪዝም ሄዶ በደህና መመለስ፦ ክሪጊንግ ለሚሠሩ

በደቡብ ኔዘርላንድ፣ ስታይን ከምትባል መንደር አጠገብ፣ የሜዝ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ዚንክና እርሳስ ያዘለ ደለል ሜዳው ላይ ጥሎ አልፏል። ከዚያ ሜዳ የተወሰዱ 155 የአፈር ናሙናዎች በአር ፕሮግራም ውስጥ በነፃ ይገኛሉ፤ ክሪጊንግ ከሚማሩ ሰዎች ብዙዎቹ እጃቸውን የሚያፍታቱት በእነዚህ ናሙናዎች ነው። እኛም የዚንኩን ካርታ በእነሱ እንሥራ። ሎጋሪዝም መውሰዱ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲመለስ ነው።

ደረጃ 1፦ ሂስቶግራሙን ይመልከቱ። ዚንኩ በኪሎ አፈር ከ113 እስከ 1839 ሚሊግራም ይደርሳል። መሐል ላይ ያለው ቁጥር (ሚዲያኑ) 326 ሲሆን አማካዩ ግን 470 ገደማ ነው። ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች አማካዩን ወደ ላይ ጎትተውታል ማለት ነው። ክሪጊንግ ራሱ ውሂቡ የግድ የደወል ቅርጽ ይኑረው አይልም። ቫሪዮግራሙ ግን የሁለት ነጥቦችን ልዩነት በራሱ እያባዛ ስለሚደምር፣ አምስት ስድስት ከፍተኛ ናሙናዎች የሌሎቹን ሁሉ ድምፅ ይውጡታል። ችግሩ የቆየ ነው፤ ዘዴው በስሙ የተጠራለት ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግም በ1950ዎቹ የዊትዋተርስራንድን ወርቅ ሲገምት ያጋጠመው እንዲህ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቁጥር ነበር።

ደረጃ 2፦ ከመለወጥዎ በፊት ይጠርጥሩ። ትልቁ ቁጥር የአስርዮሽ ነጥብ ስህተት ይሆን? ዚንኩ ከወንዙ ሲርቁ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ያ አዝማሚያ ነው፤ ሎጋሪዝም አያጠፋውም። ከወንዙ ያለውን ርቀት በሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ለውጡን ይምረጡ። ለዚህ ውሂብ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይበቃል። ፍጹም ደወል አይሆንም፤ አይጠበቅበትምም። ማዘንበሉ ቀላል ከሆነ ስኩዌር ሩት፣ ሁለቱም ካልተስማሙ ቦክስ-ኮክስ ይሞከራል።

ዜሮ ካለ ሎጋሪዝም የለውም፤ ስለዚህ ሰዎች ሁሉም ላይ 1 ይደምራሉ። ይህ እንደሚመስለው ንጹሕ ዘዴ አይደለም። የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ያስቡ፦ 0.2 እና 0.4 ሚሊግራም በሊትር በእጥፍ ይለያያሉ፤ 1 ሲደመርባቸው 1.2 እና 1.4 ሆነው ልዩነታቸው ሊጠፋ ይቃረባል። የሚደመረው ቁጥር ከውሂቡ መጠን ጋር ይመጣጠን፤ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን ግማሹ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ቫሪዮግራሙን በተለወጠው ውሂብ ይሥሩ። ጂስታት በተባለው የአር ጥቅል ስፌሪካል ሞዴል ሲገጠም መነሻው 0.05፣ በላዩ የሚጨመረው 0.59፣ ዝምድናው የሚያበቃበት ርቀት 897 ሜትር ገደማ ይወጣል። ቁጥሮቹ አነስተኛ የሆኑት መለኪያው ሚሊግራም መሆኑ ቀርቶ ሎጋሪዝም ስለሆነ ነው።

ደረጃ 5፦ ክሪጊንጉን ያስኪዱ። እዚህ አዲስ ነገር የለም። ግምቱንና የክሪጊንግ ቫሪያንሱን ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ ቫሪያንሱን የጣለ ሰው ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 6፦ ይመለሱ። አንድ ቦታ ላይ ግምቱ 6፣ ቫሪያንሱ 0.2 ወጣ እንበል። በቀጥታ በኤክስፖኔንሻል ሲመልሱት 403 ይሆናል። ይህ ግን የዚያ ቦታ ሚዲያን እንጂ አማካይ አይደለም። አማካዩን ከፈለጉ የቫሪያንሱን ግማሽ መጀመሪያ ይደምሩ፦ 6.1 ሆኖ 446 ይሰጣል። በኦርዲናሪ ክሪጊንግ የላግራንዥ ማባዣውም በእርማቱ ውስጥ ይገባል፤ ምልክቱ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ መመሪያውን ሳያዩ አይደምሩ፣ አይቀንሱ።

እርማቱ የሚያስፈራው ኤክስፖኔንሻል ውስጥ ስለሆነ ነው። ቫሪያንሱ 0.1 ሲሆን ግምቱን በ5 በመቶ ያሳድጋል፤ ከናሙና ርቆ 0.5 ሲደርስ ግን በ28 በመቶ። ስለዚህ የቫሪዮግራሙን ጣሪያ በግድየለሽነት የገጠመ ሰው፣ ናሙና በሌለበት ጥግ ላይ ብክለት ፈጥሮ ሊያድር ይችላል። እኔ ሁለቱንም ካርታዎች ጎን ለጎን አውጥቼ ካላየሁ አላምንም።

ቫሪያንሱን ራሱን በኤክስፖኔንሻል አይመልሱት፤ ትርጉም የለውም። የሚመለሱት ዳርቻዎቹ ናቸው፦ ከላይ ባለው ምሳሌ የ95 በመቶው ክልል ከ168 እስከ 969 ይሆናል። ወደ ላይ የረዘመ መሆኑ ትክክል ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ለውጡን ራሱ ይመልሳል፤ ሳያውቁ ሁለት ጊዜ እንዳይመልሱ።

ደረጃ 7፦ ይፈትሹ። አንድ አንድ ናሙና እየደበቁ ያስገምቱ፤ ስህተቱን ግን በሚሊግራም ይለኩ። በሎጋሪዝም ትንሽ የሚመስል ስህተት 1500 አካባቢ ሲደርስ መቶዎች ነው።

ጥያቄዎ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከገደቡ ያልፋል ወይ?» ከሆነ ደረጃ 6ን መዝለል ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ገደብ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ሎጋሪዝሙ 0.405። ይህንን ከግምቱ ላይ ቀንሰው በቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት ያካፍሉ፤ ውጤቱን በኖርማል ሠንጠረዥ ሲያዩት ገደቡ የሚታለፍበትን ዕድል ያገኛሉ።