የአናጢ የእጅ መሣሪያ አመራረጥ

ከማንበብ በፊት፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አናጢ በምን በምን መሣሪያዎች ይሠራል? መሣሪያዎቹንስ ከየት ያገኛል? በቃል ተወያዩበት።

ምንባብ

የቤት ምሰሶ፥ የገበሬ ሞፈርና ቀንበር፥ እንግዳ የሚቀመጥበት በርጩማ፥ ቡና የሚወቀጥበት ሙቀጫ፥ እነዚህ ሁሉ የእንጨት ሠሪ እጅ ውጤቶች ናቸው። በትግራይ የሚገኘው ጥንታዊው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተሠራ ሲሆን፥ በጣሪያው ላይ የእንስሳት ምስል የተቀረጸባቸው ሳንቃዎች ይታያሉ። የጅማ ባለ ሙያዎችም ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ያለ ምስማር ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ያወጡታል። እንዲህ ያለው ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ የኖረው በእጅ መሣሪያ ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ተግባር አለው። ምሳር ዛፍ ይጥላል፤ መጥረቢያ ግንዱን ይጠርባል፤ መጋዝ ይተረትራል፤ መሮ ይቦረቡራል፤ መላጊያ የሻከረውን ያለሰልሳል። አናጢው የአንዱን ሥራ በሌላው ልሥራ ቢል፥ እንጨቱንም መሣሪያውንም ያበላሻል።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከሱቅ መግዛት ሲሆን፥ ሁለተኛው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ማሠራት ነው። ቀጥቃጭ ብረቱን በከሰል እሳት ላይ አኑሮ በወናፍ እያናፋ ያግለዋል፤ ከዚያም በመዶሻ እየመታ ቅርጽ ያወጣለታል። ብዙ ጊዜ ከተሽከርካሪ የወጣ አሮጌ ባሌስትራ ጥሩ የስለት መሣሪያ ይወጣዋል፤ ብረቱ ጠንካራ ነውና። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ የተጣለ ብረት እንደ ገና ተቀጥቅጦ ለአገልግሎት ይበቃል። በገጠርም ቀጥቃጮች የእጅ ሥራቸውን በሳምንቱ የገበያ ቀን ይዘው ይወጣሉ።

ጀማሪ አናጢ ከገበያ ሲደርስ ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው አዲስ መሮ ላይ ነው። አጠገቡ ዝገት የለበሰ፥ እጀታው የወለቀ አሮጌ መሮ ቢያይ ንቆት ያልፋል። ሆኖም የአዲሱ ብረት ለስላሳ ከሆነ፥ ጠንካራውን የወይራ እንጨት ሲነካ ስለቱ ይታጠፋል። የአሮጌው ዝገት ግን ከላይ ብቻ ከሆነ፥ በአሸዋና በዘይት ሲታሽ ይለቃል፤ በመሳያ ድንጋይ ሲሳልም ስለቱ ይመለሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው አናጢ የሚመለከተው የብረቱን ውበት ሳይሆን ጥንካሬውን ነው።

ጥንካሬውም በሚከተለው አኳኋን ይመረመራል። የሞረድ ጠርዝ በመሮው ስለት ላይ በቀስታ ሲሳብ፥ ሞረዱ ብረቱን በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ግን ጠንካራ ነው። ስለቱ አካባቢ ሰማያዊ መልክ ከታየ፥ በሚሳልበት ጊዜ ከልክ በላይ ግሎ ጥንካሬውን ያጣ ሊሆን ይችላል። የምሳር ራስ እጀታው ወልቆ፥ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። መጋዝ ጐበጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው ቀጥታነቱ ሊመለስ ይገባዋል። የመላጊያም ሆድ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ተጋድሞበት ብርሃን በሥሩ ካላሳለፈ፥ ጠፍጣፋ መሆኑ ይታወቃል።

ከብረቱ ቀጥሎ የሚታየው እጀታው ነው። ለምሳር እጀታ ወይራ ይመረጣል፤ ጠንካራ ነው፥ በቶሎም አይሰበርም። የእንጨቱ መስመር በእጀታው ርዝመት ልክ መሄድ አለበት፤ መስመሩ አግድም ከሆነ እጀታው ከመካከሉ ተሰብሮ ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል። እጀታውም በምሳሩ ራስ ቀዳዳ ውስጥ በሽብልቅ መጥበቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት ቀጥቃጮችና አረጋውያን አናጢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በአገራችን የእጅ ባለ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ልማድ ግን በዐዋጅ ብቻ አይሻርም። ልጅ በአባቱ ሙያ እንዲያፍር ከተደረገ ሙያውን አይወርስም፤ ዕውቀቱም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ያን ጊዜ አሮጌው መሮ በገበያ ቢገኝ እንኳ፥ ከተራ ቍርጥራጭ ብረት ለይቶ የሚያነሣው አይኖርም። እንግዲህ ጥሩ መሣሪያ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ ባለ ሙያውን ያክብር፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎም ይጠይቅ።

የቃላት ፍች

ወናፍ፦ እሳት ለማናፋት የሚያገለግል ከቆዳ የሚሠራ ዕቃ
ባሌስትራ፦ የተሽከርካሪን ክብደት የሚሸከም፥ የሚተጣጠፍ ንብርብር ብረት
ሽብልቅ፦ የላላን ነገር ለማጥበቅ የሚገባ ጫፈ ቀጭን እንጨት ወይም ብረት

ጥያቄዎች

1. ልምድ ያለው አናጢ ዝገት የለበሰውን መሮ የማይንቀው ለምንድን ነው?
2. የእጀታው እንጨት መስመር አግድም ቢሆን ምን ጉዳት ይደርሳል?
3. «ዕውቀቱም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል» ሲል ምን ማለት ነው?
4. በአካባቢያችሁ አንድ የእጅ ባለ ሙያ ጠይቃችሁ፥ መሣሪያውን እንዴት እንደሚመርጥ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።