ምርትን በአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ስለ መሸጥ፤ ገበያው እንዴት ይመረጣል?

በሬውን ለመሸጥ ወደ እህል ተራ የሚነዳ ገበሬ የለም። ቅቤ ይዛ የወጣች ሴትም ሽንኩርት ተራ ገብታ አትቀመጥም። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ እንዳለው፣ በየተራውም የሚመጣው ገዢ፣ የሚከፈለው ቀረጥና ደላላው የሚወስደው የተለያየ መሆኑን ከልጅነታችሁ ጀምራችሁ ታውቁታላችሁ። የዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ የምታውቁትን ነገር ወደ ሩቅ ገበያ፣ ይኸውም ወደ አሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ፣ ይዞ መሄድ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በማኅበራት ስብሰባ ላይ «በርበሬያችንን አማዞን ላይ ብንሸጠውስ?» ወይም «እኅቴ አሜሪካ ናት፤ የሰፋሁትን ትሸጥልኝ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «የቱ ገበያ ትልቅ ነው?» ብሎ ነው። መጠየቅ የሚገባው ግን «የቱ ገበያ ለእኔ ዕቃ ይስማማል? ወጪው ሁሉ ከተቆረጠ በኋላስ በእጄ ስንት ይቀራል?» ተብሎ ነው። ትልቅ ገበያ ብዙ ገዢ አለው፤ ብዙ ሻጭም አለው፤ በውስጡም ሳይታይ የሚቀር ዕቃ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የኢንተርኔት ገበያ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍ፣ ዋጋውንና መግለጫውን ያወጣል፤ ገዢው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አይቶ ይከፍላል፤ ዕቃው በፖስታ ወይም በመልእክት አመላላሽ ድርጅት ይደርሰዋል። የገበያው ባለቤት ዕቃውን አይገዛም፤ ቦታውን ያከራያል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ለሻጩ ያስተላልፋል። እንግዲህ የገበያው ባለቤት እንደ ደላላ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የደላላ ነገር ደግሞ አስቀድሞ መዋዋል ነው።

ከገበያው በፊት ግን ድንበሩ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 ድረስ ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ይህ ፈቃድ በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ቀን ለሁሉም አገር ተቋረጠ። ከዚያም ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ አጎአ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጥታለች። ስለዚህ «ጥቂት ነውና አይቀረጥም» የሚል ሰው ቢነግራችሁ የነገራችሁ የድሮውን ነው። የቀረጡ ልክ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የጉምሩክ አስተላላፊ ጠይቁ፤ ያንኑም በሒሳባችሁ ውስጥ አግቡ።

ምግብ ለሚልክ ሰው ሌላም በር አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍ ዲ ኤ የሚባለው፣ ለአሜሪካ ምግብ የሚያዘጋጅ፣ የሚያሽግ ወይም የሚያከማች የውጭ አገር ድርጅት እንዲመዘገብ ያዛል። መመዝገቢያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ በአሜሪካም የሚኖር አንድ ተጠሪ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጭነት ከመድረሱ በፊት ማስታወቂያ ይላካል። ደግሞም በአሜሪካ ያለው አስመጪ የላኪውን ንጽሕና መርምሮ በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። አማዞን ይህን አስመጪነት አይወስድላችሁም። ስለዚህ አስመጪ ሳታገኙ ገበያ መምረጥ መንገዱ ሳይጠረግ አህያውን እንደ መጫን ነው።

በተለይ በርበሬ የሚያዘጋጁ ሁሉ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። በርበሬ መሬት ላይ ሲሰጣ አቧራና የዶሮ ኩስ ያገኘዋል፤ ሳይደርቅ ሲከመር ይሻግታል። ከኩሱ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ተሕዋስ፣ ከሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይመጣል። ለአፍላቶክሲን የአሜሪካ ወሰን ከአንድ ቢሊዮን እጅ 20 እጅ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይሸተትም፤ በላቦራቶሪ ብቻ ይታወቃል። ከወሰኑ ያለፈ ጭነት ወደብ ላይ ይያዛል፤ ይመለሳል ወይም ይጠፋል፤ የመጫኛውም ገንዘብ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቁ፤ ሌሊት ሸፍኑ፤ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ አትውሰዱ። ይህ ሥራ በአገር ውስጥ ገበያም ቢሆን ለሚበላው ሰው ጤና ነውና ከንቱ አይሆንም።

አሁን ወደ ገበያዎቹ እንግባ።

አማዞን ትልቁ ነው። በደንብ ለሚሸጥ ሰው የወር ክፍያው 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው፤ በዚህም ላይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን ይቆረጣል። ለምግብ ነክ ዕቃ ኮሚሽኑ እንዲህ ነው፤ ዋጋው 15 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ ከመቶ 8፣ ከ15 ዶላር ካለፈ ከመቶ 15። ይህች ደንብ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አስሏት። አንድ ጥቅል በርበሬ በ15 ዶላር ቢሸጥ ኮሚሽኑ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ 13 ዶላር ከ80 ይቀራል። ያንኑ ጥቅል በ16 ዶላር ብትሸጡት ኮሚሽኑ 2 ዶላር ከ40 ይሆንና 13 ዶላር ከ60 ይቀራል። ዋጋ ጨምራችሁ 20 ሳንቲም አጣችሁ ማለት ነው። እንግዲህ በምግብ ላይ ወይ 15 ዶላር ላይ ቁሙ፣ ወይም ከ16 ዶላር ከ25 በላይ ዝለሉ፤ በመካከል ያለው ዋጋ ኪሣራ ነው።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንከተለው። አንድ ማኅበር 454 ግራም፣ ማለት አንድ ፓውንድ፣ በርበሬ በ15 ዶላር አውጥቶ በወር 20 ጥቅል ብቻ ሸጠ እንበል። ከኮሚሽኑ በኋላ 13 ዶላር ከ80 ቀርቶታል። የወሩ ክፍያ ለ20 ሲካፈል በእያንዳንዱ ላይ 2 ዶላር ያህል ይወድቃል፤ 11 ዶላር ከ80 ቀረ። አማዞን ከመጋዘኑ አውጥቶ ለገዢው የሚያደርስበትን 5 ዶላር፣ ከአዲስ አበባ የሚጫንበትን 4 ዶላር፣ ለከረጢቱና ለመለያ ጽሑፉ 1 ዶላር እንቁጠር። የቀረው 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ ቀረጡ፣ የላቦራቶሪ ምርመራውና ያልተሸጠው ዕቃ የመጋዘን ኪራይ ገና አልተነሣም፤ በርበሬውም ገና አልተከፈለበትም። ያው ማኅበር በወር 200 ጥቅል ቢሸጥ የወሩ ክፍያ በጥቅል 20 ሳንቲም ብቻ ይሆናል፤ በዚያው ስሌት 3 ዶላር ከ60 ይቀረዋል። የመጫኛው፣ የማድረሻውና የከረጢቱ ቁጥር ለምሳሌ የተወሰደ ስለ ሆነ እናንተ በጠየቃችሁት ዋጋ ተኩት። የቀረውን በዕለቱ ምንዛሪ መንዝራችሁ በርበሬው በወረዳችሁ ገበያ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩት።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሒሳብ የሚያሳየው አነስተኛ ማኅበር ብቻውን አማዞን ላይ በርበሬ ቢቸረችር እንደማይጠቀም ነው። ይህን ስንል ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በዋሺንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የኢትዮጵያ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ይፈልጋሉ። ለነዚህ የሚያቀርብ አስመጪ በኩንታል ሲገዛ ኮሚሽን፣ የወር ክፍያና የመጋዘን ኪራይ አይኖርባችሁም። የኢንተርኔቱን ችርቻሮ እርሱ ይችለው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ትርፉን ለነጋዴ ሰጠን» ይላል፤ ነገር ግን የሰጠው ትርፉን ነው ወይስ ኪሣራውን፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ይመልከት።

ለእጅ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢትሲ የሚባለው ገበያ የእጅ ሥራ፣ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው አሮጌ ዕቃና ለእጅ ሥራ የሚያገለግል ቁሳቁስ የሚሸጥበት ነው። ወደዚያ የሚመጣ ገዢ በፋብሪካ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ፈልጎ አይመጣም፤ ማን እንደ ሰፋው፣ ከምን ሣር እንደ ተሰፋ ማወቅ ይወዳል። አንድን ዕቃ ለማውጣት 20 ሳንቲም ይከፈላል፤ ይህም ለአራት ወር ያገለግላል። ሲሸጥ ከመቶ 6 ተኩል ይቆረጣል፤ ልብ በሉ፣ የሚቆረጠው ገዢው ለማድረሻ ከሚከፍለውም ላይ ጭምር ነው። የክፍያ ማስተላለፊያ ሒሳብም በተጨማሪ አለ። አማዞን ላይ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ለሚሸጥ ሰው ይቀላል፤ ምክንያቱም ካልሸጠ ዕቃውን ለማውጣት የሚከፍለው 20 ሳንቲሟን ብቻ ነው።

ታዲያ እዚህም ወጥመድ አለ፤ እርሱም ክብደት ሳይሆን ስፋት ነው። በአውሮፕላን የሚልኩ ድርጅቶች ዕቃው ቀሎ ቦታ የሚይዝ ከሆነ በቦታው ልክ ያስከፍላሉ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሳንቲሜትር አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ያካፍላሉ፤ የተገኘውን እንደ ኪሎ ይቆጥሩታል። አንድ መሶብ በየጎኑ 40 ሳንቲሜትር በሆነ ካርቶን ቢገባ 64000 ለ5000 ተካፍሎ 12.8 ኪሎ ይሆናል፤ መሶቡ ሲመዘን ግን ሁለት ኪሎ ላይሞላ ይችላል። እጅግ ያማረ መሶብ ሰፍተው የልፋታቸውን ዋጋ መጫኛ የበላባቸውን ሴቶች ይህ ጸሐፊ አይቷል። አሁን ደግሞ ስምንት ጠፍጣፋ ሰፌዶች ተነባብረው 40 በ40 በ20 በሆነ ካርቶን ቢገቡ 6.4 ኪሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከአንድ ኪሎ በታች፣ 0.8 ኪሎ ይደርሰዋል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታልና መሸጡ አያዳግትም። ስለዚህ የሚነባበረውንና አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባውን ስፉ። ሣሩም ከዘር፣ ከአፈርና ከነቀዝ የጸዳ ይሁን፤ በመግቢያው ወደብ ይመረመራል።

ኢቤይ የሚባለው ለአሮጌና ለብርቅ ዕቃ፣ በጨረታም ለሚሸጥ ነገር የተመቸ ነው፤ ከአብዛኛው ዕቃ ላይ ከመቶ 13 ያህል ይወስዳል። ለእናንተ ምርት ቀዳሚ አይደለም። ዋልማርት የወር ክፍያ አይጠይቅም፤ ኮሚሽኑም እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ ነገር ግን የተመዘገበ ኩባንያ፣ ባርኮድና ፈጣን ማድረሻ ይፈልጋል። ስለ ቡና በዚህ አንነጋገርም፤ ቡና የራሱ ሕግና የራሱ ባለሥልጣን ያለው ስለ ሆነ ለብቻው ትምህርት ይገባዋል።

ገበያ ከመረጣችሁ በኋላ የገንዘቡ መንገድ ይጣራ። ገበያዎቹ ወደ ሁሉም አገር ባንክ ገንዘብ አይልኩም፤ ኢትሲ የሚከፍለው በራሱ የክፍያ መንገድ ሲሆን ይህም በሁሉም አገር አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ሰው በአሜሪካ ባለ ዘመድ ስም ይሸጣል። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሻጩ በእውነት ያ ዘመድ ይሁን እንጂ የሰው ስም ተውሶ አይከፈት። ከጁን 27 ቀን 2023 ጀምሮ በሚሠራ የአሜሪካ ሕግ መሠረት በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 200 ሽያጭና 5000 ዶላር የደረሰ ሻጭ ማንነቱን፣ የባንክ ሒሳቡንና የግብር ቁጥሩን ለገበያው ያሳውቃል። ያልተጣጣመ ከሆነ አካውንቱ ይታገዳል፤ ገንዘቡም በውስጡ እንዳለ ሊያዝ ይችላል። ግብሩም የሚጠየቀው ስሙ ያለበት ዘመድ ነው። እንግዲህ ወንድምም ቢሆን፣ አበልጅም ቢሆን፣ ዕቃው ስንት እንደ ሆነ፣ ከሽያጩ ማን ስንት እንደሚወስድ፣ ያልተሸጠውና የተበላሸው በማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በዝምድና ላይ የተመሠረተ ሥራ ጽሑፍ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። ዝምድናውን የሚያቆየው ግን ጽሑፉ ነው።

የልማት ሠራተኞች ይህን ሲያስተምሩ ሒሳቡን በቃል አያልፉት። አንድ እውነተኛ ዕቃ በሜትርና በሚዛን ይለካ፤ የመጫኛው ዋጋ በስልክ ተጠይቆ ይጻፍ፤ አባላቱ ራሳቸው ይቀንሱ፣ ያካፍሉ። መጀመሪያ የሚላከውም ጥቂት ይሁን፤ አንድ ካርቶን ሰፌድ ይበቃል። ማኅበሩ ለዘር ወይም ለማዳበሪያ ያስቀመጠው ገንዘብ ለዚህ ሙከራ አይነካ።

ጊዜውንም ከአሁኑ አስቡ። አሜሪካኖች ስጦታ አብዝተው የሚገዙት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ማለት ከምስጋና በዓላቸው እስከ ገናቸው ነው። በዚያ ጊዜ የሚሸጠው ዕቃ በመስከረም መጨረሻ አሜሪካ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ በነሐሴ መጫን ይኖርበታል። ስንደዶ የሚለቀመው ደግሞ በመስከረም ነው። እንግዲህ ዘንድሮ በመስከረም የተለቀመው ስንደዶ በበጋው ተሰፍቶ፣ በሚመጣው ነሐሴ ተጭኖ፣ ገንዘቡ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ባለው ታኅሣሥ ወይም ጥር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃልና ሰፊዎቹ እስከዚያ የሚኖሩበትን ማኅበሩ አስቀድሞ ይወስን።